የአቀስታው የጭቃ በሬ

እንቁላል በቁሙ አቁማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬያለሁ። እዚህ አቀስታ፣ በገዛ ቤቴ፣ ረፋዱን ሙሉ። ሥራ ፈትቼ እንዳይመስላችሁ፤ ያስጀመረኝ ተከራዬ ሊ ነው።

ሊ ቻይናዊ ነው፤ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ። ከካምፕ ይልቅ ሰው መሀል መኖር ይሻለኛል ብሎ ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየ። አማርኛውን የተማረው ከሾፌሮች ስለሆነ ስድቡ ከሰላምታው ይቀድማል። ግን ደግ ሰው ነው፣ ምን ይደረግ!

ባለፈው ጥር መጨረሻ ላይ እንቁላል ይዞ መጣና፣ በእኛ አገር በልግ የሚገባው ዛሬ ነው አለኝ። በዚህ ቀን እንቁላል በቁሙ ይቆማል፤ የቆመለት ሰው ደግሞ ዓመቱ ይቀናዋል። የእኔ ተንከባሎ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። የእሱ ቆመ። ቀጥሎ ጥሬ ካሮት አስያዘኝ። በልግን መንከስ ይባላል አለ። አገሩ ቢሆን ምላስ የሚያቃጥል ነጭ ሥር ነበር የሚነክሱት፤ የአቀስታ ገበያ ግን ካሮት ብቻ ሰጠችው። ነከስኩ። በልግ ካሮት ካሮት ይላል፤ ሌላ ምን ልበላችሁ?

ጣጣው የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሊ ጭቃ አቡክቶ በሬ መሥራት ጀመረ። ቀንድ ያለው፣ ጥጃ የሚያህል በሬ! ሻኛውን እኛ አገር አይቶ ነው የጨመረለት።

ይህን ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ በአጥሩ ቀዳዳ አዩ። ሟቹ ባለቤታቸው ቁርአን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ አንድ ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እሳቸው እርሻቸውን እያሳረሱ ይኖራሉ። ያን ሰሞን ዝናብ ጠፍቶ መሬቱ ደርቆ ነበርና፣ ገብሱ ሳይዘራ ሊቀር ነው ብለው ጭንቅ ላይ ነበሩ። ግቢዬ ሲገቡ ግማሹ መንደር ከኋላቸው ነበር።

«አንተ ሰው፣» አሉኝ፣ «ሰማዩ በተቆጣበት ጊዜ ግቢህ ውስጥ ጣዖት ይሠራል? ዛሬውኑ ይውጣልህ! አለዚያ ጉርብትናችን እዚህ ላይ አበቃ።»

ምን ልበል? እትዬ ዘሀራ እናቴ የሞተች ጊዜ ከአጠገቤ ያልተለዩ ሴት ናቸው። ሊ ደግሞ እጁ ጭቃ ውስጥ እንደተነከረ ግራ ተጋብቶ ያየኛል።

እሳቸው ወደ እሱ ዞሩ። «ትሰግድለታለህ?»

«አልሰግድም፣ እትዬ። እገርፈዋለሁ።»

«ምን አደረገህ?»

«ተኝቷል። በልግ ገብቷል፣ ተነሥ፣ እርሻ አለ ብለን እንገርፈዋለን። ከዚያ እንሰብረዋለን። ስብርባሪውን ሰው ማሳው ላይ ይጥለዋል፤ አዝመራ ያምራል ይባላል። አባቴ ገበሬ ነው። ዛሬ እሱም በሬ ይሠራል። እኔ ግን የለሁም።»

ይህን ብሎ ወደ ጭቃው አጎነበሰ። እትዬ ዘሀራ አተኩረው አዩት። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ያን ጊዜ የታየቻቸው ልጃቸው ነበረች፤ ለዒድ የሰው ወጥ ስትሠራ ውላ በስልክ የምታለቅሰው።

«ሊሰብሩት የሚሠሩት ጣዖት የለም፣» አሉ መንደሩ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ዝናቡን የሚያመጣው አላህ ነው። ጭቃው ደግሞ ማሳ አይጎዳም። በል አምጣ ዱላውን። ቢስሚላህ!»

አመታታቸውን ብታዩ! መንደሩ የዝናቡንም የኑሮ ውድነቱንም ንዴት በዚያ ምስኪን በሬ ላይ ተወጣ። ሊ አንዴ ካሳረፈበት በኋላ ተራ አላገኘም። ስብርባሪውንም እየተሻማን ወሰድነው። እኔ እርሻ የለኝም፤ ግን ሰው ሲሻማ ዝም ብሎ መቆም ይቻላል?

ዝናቡ መጣ። ወዲያው አይደለም፤ ትንሽ ካስጨነቀን በኋላ። ሲመጣ ግን መጣ! ማሳው ሁሉ ራሰ። ሊ አዲስ አፈር ያስሞላው መንገድ ታጥቦ ሄደ፤ ማሽኖቹም እስከ ሆዳቸው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀሩ። እሱም ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና አጥሩ ሥር ቆሞ፣ እባክዎ እትዬ፣ ዝናቡ እንዲያቆም ዱዓ ያድርጉልኝ ብሎ ለመናቸው።

እትዬ ዘሀራ የሚዘሩትን ገብስ እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩት። ከልባቸው አዘኑለት።

«ልጄ፣ አላህ ያበርታህ፣» አሉት። «ለጤናህ ዱዓ አደርጋለሁ። ለአባትህም፣ ለማሽንህም። ዝናቤን ግን አትንካብኝ!»