እግሬና አባቴ

አሰላ ውስጥ ቀጭን እግር ይዞ መወለድ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሌላ አገር ቢሆን «ይህቺ ልጅ አትበላም እንዴ?» ተብሎ ይታለፋል። እኛ ዘንድ ግን ጎረቤት አንዴ ቁርጭምጭሚቴን አየት ካደረገ አለቀ፤ ሯጭ ነኝ። ሂሳብ እወዳለሁ፣ ሹሩባ እችላለሁ ብል ማን ይሰማኛል?

አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሩጫ የሚባል ነገር አልወድም። አባቴ ግን ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ቱታ አልብሶ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ከብርድ ልብሴ መንጭቆ ያስወጣኝ ጀመር። የአሰላን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለማንም አያዝንም። ትእዛዙ እስከ ስታዲየም ሮጬ እንድመለስ ነው። እኔም እስከ መታጠፊያው እሮጣለሁ። ከመታጠፊያው በኋላ ያለውን የሚሮጠው የኦቦ ከድር ፈረስ ነው። ኦቦ ከድር በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ባለጋሪ ናቸው፤ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ፈረሱ ከሮጠ አንቺም ሮጥሽ ማለት ነው» እያሉ ጋሪያቸው ላይ ያሳፍሩኛል። ስመለስ የሰፈሩ ቦኖ ላይ ፊቴን አርስና ላብ በላብ የሆንኩ መስዬ እገባለሁ። አባቴ «ጀግናዬ!» ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? ያቺ «ጀግናዬ» አንጀቴን ትበላው ነበር።

ባለፈው ሳምንት የክፍላችን ኃላፊ መምህር ወረቀት አደሉን። የዕለት ውሎ፣ ጠንካራ ጎን፣ የሚያስቸግረኝ ነገር። በሐቅ ሞልታችሁ ወላጅ አስፈርሙ አሉን። በሐቅ! ጉድ ፈላ። ቀኑን ሙሉ ሳመነታ ቆይቼ፣ የመጣው ይምጣ ብዬ ጻፍኩት። ውሎ፦ ጠዋት ጠዋት በጋሪ መንሸራሸር። ጠንካራ ጎን፦ ሂሳብና ሹሩባ። የሚያስቸግረኝ፦ ሩጫ።

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ማንበብ ጀመረ። «በጋሪ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ጆሮው ቀላ። እሱ ከወንበሩ ብድግ ሲል እኔ በሩን አልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እግሬ ነው የሚያውቀው። ገበያውን አቋርጬ፣ ዳገቱን ወጥቼ፣ ዞር ብዬ ያየሁት ስታዲየሙ በር ላይ ስደርስ ነው። ወረቀቱን የጨበጠው አባቴ ዘግይቶ በባጃጅ ከች አለ። አለቀልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የሰማሁት ግን ሳቅ ነው። እንባው እስኪወርድ ይስቃል! ባጃጁ እኮ አልደረሰብሽም፣ ሹፌሩን ጠይቂ፣ እያለ። ወረቀቱን እዚያው የባጃጁ ወንበር ላይ ዘርግቶ «ሩጫ» የምትለዋን ከሚያስቸግረኝ ሰረዘ፣ ጠንካራ ጎኔ ላይ ጻፈ፣ ፈረመ።

የኦቦ ከድር ጋሪ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደ ስታዲየም ይሄዳል። ብርድ ልብሴን ተከናንቦ የሚቀመጥበት አባቴ ነው፤ ከኋላ የምሮጠው እኔ።