«ዘፈኑን ዝጋው!» ያልኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ታክሲ ውስጥ የደረሰብኝን ስነግራችሁ «ይበልሽ!» ትሉኛላችሁ። በሉኝ፣ ዛሬ አልቀየምም።

ታላቅ እህቴ ድባቴ ይዟት ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር እናታችን ቤት ከገባች ቆይታለች። ስሟን አልጠራም፣ ከልክላኛለች። ይሄን ፖስትም አንብባ «የኔን ሕመም ጻፊው፣ ያንቺን ጉድ ግን እንዳትደብቂ» ብላ ፈቅዳለች።

ከሁሉ የከፋባት እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ባለፈው ቀጠሮ አብሬያት ገብቼ ሳለ ሐኪሙ «ከመድኃኒቱ ጋር፣ ስትተኚ የምትወጂውን ለስለስ ያለ ሙዚቃ ስሚ» አላት።

እኔ ምን ሰማሁ? «ለስለስ ያለ።»

«የምትወጂውን» የምትለዋ በየት በኩል እንዳለፈችኝ እንጃ!

ለወሎ ልጅ ለስለስ ያለ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። ትዝታ ነዋ! ሙዚቃ ቤት ሄጄ የስልኳን ሚሞሪ ሙሉ ትዝታ በትዝታ አስጫንኩት። በክራሩ፣ በማሲንቆው፣ በዋሽንቱ፣ ምን የቀረ አለ? ባለሙዚቃ ቤቱ እየጫነ ቀና ብሎ አየኝና «እህት፣ ምነው፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

«ለታመመች እህቴ ነው፣ እንድትተኛበት።»

«ያረቢ! በዚህ?»

አንተ ሥራህን ሥራ አልኩት።

ከዚያ ቤቱን ተቆጣጠርኩት። ቤተሰቡን በአንድ ለአምስት አደራጅቼ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥን እንዳይከፈት፣ ድስት እንዳይንኳኳ፣ አባባም እንዳያስሉ አደረግኩ። (ሳል ይከለከላል? እኔ ከለከልኩ!) ማዳመጫውን ራሴ ጆሮዋ ላይ ሰክቼ ዓይኗን እስክትጨፍን እጠብቃለሁ። ትጨፍናለች። እኔም ደስ ብሎኝ ሄጄ እተኛለሁ።

ጠዋት ዓይኗ አብጦ ሳየው «እንቅልፍ ጠግባ ነው» እል ነበር። አቤት ድፍረቴ!

ይባስ ብዬ እዚሁ ፌስቡክ ላይ «እህቴ በትዝታ እንቅልፏን አገኘች» ብዬ ለጠፍኩ። ላይኩ ዘነበልኝ። ግማሹን የሰጣችሁኝ እናንተው ናችሁ።

ዛሬ ታዲያ ሞቅ ባለ አገር ትንሽ ትፍታታ ብዬ ኮምቦልቻ አክስታችን ጋ ልወስዳት ሚኒባስ ተሳፈርን። የደረሰን የኋላ ወንበር ነው። ስፒከሩ ያለው ደግሞ ልክ ከጭንቅላታችን ጀርባ! ሾፌሩ የሰርግ ዘፈን ለቆታል፣ ከበሮው ወንበሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ረዳቱ አብሮ ያጨበጭባል።

እኔ ስልኬ ላይ አቀርቅሬያለሁ። አንዷ ኮሜንት ላይ «እኔስ የትኛውን ትዝታ ላስጭን?» ብላኝ ምክር እየሰጠኋት ነበር። (ባለሙያ ነኛ!) ሐረጎ ላይ ኔትወርኩ ሲጠፋ ነው ጫጫታው የተሰማኝ። ደሜ ፈላ።

«ሾፌር! በአላህ ዝጋው ይሄን ነገር! የታመመ ሰው ይዣለሁ እኮ!»

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ተይ ልጄ፣ ልጅቱ...» ብለው ሳይጨርሱ ሾፌሩ ጥርቅም አደረገው።

ጸጥ!

ዞር ስል እህቴ መስኮቱ ላይ ጭንቅላቷን ጥላ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። የእውነት እንቅልፍ! እንዲህ ስትተኛ ያየኋት ከመታመሟ በፊት ነው። እያየኋት ዓይኗ ቀስ ብሎ ተገለጠ።

«ማነው የዘጋው?» አለች።

ታክሲው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ተኝታለች ልልሽ ነበር እኮ» አሉ እናትየዋ። «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ይቀሰቀሳል፣ ልጄ?»

ረዳቱም «አስታማሚዋ ናት የቀሰቀሰቻት!» ብሎ ከፊት ላሉት፣ ላልሰሙት አሰማልኝ። እግዜር ይስጠው!

ምን ላድርግ? «ሾፌር... እባክህ መልሰህ ክፈተው።»

«እህቴ፣ አሁን ዝጋው አላልሽኝም?»

«ክፈተው። እንደውም... ጨመር አድርገው።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የማየው እህቴን ነበር። ጭንቅላቷን መልሳ መስኮቱ ላይ አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጠበቀች። ኮምቦልቻ እስክንገባ ድረስ ያ እንቅልፍ አልተመለሰም።

መናኸሪያ ወርደን ስንሄድ «ትዝታው ግን ያስተኛሽ ነበር፣ አይደል?» አልኳት። እስቲ አሁን ይሄ ይጠየቃል?

«ዓይኔን ስጨፍን ነበር ከክፍሉ የምትወጪልኝ» አለች። «አንቺ እንድትተኚ ብዬ እጨፍናለሁ። ከዚያ ትዝታው ያለፈብኝን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳ ሲያስለቅሰኝ ያድራል። ጫጫታ ይሻለኛል። ጫጫታ ውስጥ የራሴን ሐሳብ አልሰማውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

ሰማችሁ? የታመመችው እሷ፣ እያለቀሰች የምታድረው እሷ፣ እኔን የምታስተኛኝም እሷ! ያን ሁሉ ጊዜ ያስታመመችኝ እሷ ነበረች። በጣም አዘንኩ። መንገድ ዳር ቆሜ ሳለቅስ «አብሽሪ፣ በቃ፣ ሰው ያይሻል» እያለች ያባበለችኝም እሷው ናት።

ያንን ፖስት አጥፍቼዋለሁ። ምክሬን ሰምታችሁ ትዝታ ያስጫናችሁ ካላችሁ፣ አደራ፣ ማዳመጫውን ከመሰካታችሁ በፊት የሚያዳምጠውን ሰው ጠይቁት። እኔ አንድ ቤት እየኖርን፣ እህቴ ምን መስማት እንደምትወድ ሳልጠይቃት ከረምኩ።

ነገ ወደ ደሴ እንመለሳለን። እስቲ የመንገዱ ደንበኞች ተባበሩኝ፤ ከኮምቦልቻ ከሚጭኑት ታክሲዎች ውስጥ ዘፈኑ አለቅጥ የሚጮኸው የየትኛው ሾፌር ነው? የኋላ ወንበር፣ ሁለት ሰው ነን። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ አፌን ይዤ።