ዛፍ ቆርጦ ደን የሚተክል ሰው

ደን ለመትከል ዛፍ የሚያስቆርጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን በደርግ ጊዜ እዚሁ ድሬዳዋ አጋጥሞኛል። የግቢ ጎረቤቴና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታደሰ ግቢያችንን ደን ሊያደርገው ተነሣ። ችግኞቹ በመስመር እንዲተከሉ ብሎ፣ መስመሩ ላይ የቆመችውን የግቢውን ብቸኛ ጥላ፣ ከሥሯ ተቀምጬ ልብስ የማጥብባትን የኒም ዛፌን አስቆረጣት።

«ጓድ፣ ይቺም እኮ ዛፍ ናት» አልኩት።

«እትዬ ዘነበች፣ እቅዱ ውስጥ የለችም።»

ያኔ አፍ የሚከፈተው ለመፈክር ነበር። ችግኞቹ በድሬ ፀሐይ ደርቀው አለቁ። እኔ ልብስ ያለቀለቅሁበትን ውኃ ጉቶው ላይ እየደፋሁ ከረምኩ፤ አቆጠቆጠ፣ ውሎ አድሮም ጥላ ሆነ።

አንድ ቀን ጓድ ታደሰ እንግዶች ይዞ መጣና ከኒሟ ሥር ቆመ።

«ደናችን ይኸውላችሁ» አላቸው። «እትዬ፣ እስቲ ወንበር።»

ወንበሩን አቀበልኩና ሳፋዬን ይዤ ወደ ፀሐዩ ወጣሁ።