ስፓቱላዎች ሰው ሲያማርጡ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መርካቶ አንድ የሕንጻ ዕቃ መደብር ውስጥ፣ በሸሚዜ ኮሌታ ሚስማር ላይ ተሰቅዬ አደርኩ። በግራ በቀኜ ሰው ተሰቅሏል፤ ቀለም ቀቢው፣ ለሳኙ፣ ጂፕሰም ገጣጣሚው። ሻጩ ሆዱ የተነፋ የግንበኛ ማንኪያ ነበር። ገዢዎቹ ደግሞ ግድግዳ የምናለሰልስባቸው ስፓቱላዎች ናቸው፤ በእጀታቸው ቆመው እየተጋፉ ይገባሉ፣ ሰው ከሚስማር ያወርዳሉ፣ ያገላብጣሉ፣ "ከዚህ የተሻለ የለህም?" ብለው ይመልሳሉ። ዕድሜ ልኬን እነሱን ሳማርጥ የኖርኩ ሰውዬ፣ "ኧረ ቀስ!" ለማለት እንኳ ድፍረት አጣሁ።

ሕልሙ ከየት እንደመጣብኝ አውቃለሁ። ከጓደኛዬ ከደርበው ጋር የአንድ ሠርግ አዳራሽ ጂፕሰም ስንጨርስ ከርመናል፤ የቦርዱን መገጣጠሚያ በስቱኮ እየደፈንን፣ በስፓቱላ እያለሰለስን። የኔ ስፓቱላ ካርቦን ስቲል ነው። እንደ ልብ ይታጠፋል፣ እጅ ይሰማል፤ ውሃ ውስጥ ካደረ ግን ይዝጋል፣ ዝገቱም ነጩ ግድግዳ ላይ ቡኒ መስመር ይተዋል። የደርበው ስቴንለስ ነው። ትንሽ ግግም ይላል እንጂ ዝገት የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ "ያንተ ነፍስ የለውም" እለዋለሁ፣ እሱ "ያንተ ሕፃን ነው፤ በረጠበ ቁጥር ይጠረጋል" ይለኛል። ትናንት ማምሻውን ፎርማን አጥናፉ ሁለታችንን ጠራንና ከእንግዲህ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ እንደሌለ ነገረን። "ነገ የመድረኩን ግድግዳ እኩል ተካፍላችሁ ትጨርሳላችሁ። ቡኒ ነገር ያየሁበት ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል" አለ። ይህችን ለመናገር ያን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ሰው አይቼ አላውቅም። እሱ ሲያብራራ መሸ፣ ጥበቃው አስወጥቶ በሩን ዘጋ፣ እኔም ታክሲ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ስፓቱላዬ ትዝ አለኝ። ስቱኮው እንዳይደርቅበት ከደርበው ጋር በምንነክርበት ባልዲ ውስጥ ቀርቷል። ጠዋት ዝጎ እንደሚጠብቀኝ እያሰብኩ፣ እየተንገበገብኩ ተኛሁ።

እና ሚስማሩ ላይ ነኝ። አንዲት አፏ የተበላ፣ መነጽር ያደረገች አሮጊት ስፓቱላ መጣችና ከጎድኔ ቆንጠጥ አደረገችኝ።

"ይሄኛው ምንድን ነው?"

"ካርቦን ነው እማማ" አለ ማንኪያው።

"ይዝጋላ!"

"ካደረቁት አይዝግም። ሲያለቅስ ቶሎ ፊቱን መጥረግ ነው።"

አሮጊቷ ወገቤን ይዛ ወደ ኋላ ለመጠችኝና ለቀቀችኝ። ተመልሼ ቀጥ አልኩ። ደግማ ለመጠችኝ፤ ደግሜ ቀጥ አልኩ። አጥንቴ እየተንቋቋ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። መመረጥ ፈልጌያለሁ። የሚያሳፍረው እሱ ነው፤ ሚስማር ላይ የሰቀሉኝን መርገም ሲገባኝ እንዲወስዱኝ እሽኮረመማለሁ።

"መታጠፉስ ደህና ይታጠፋል" አለች። "ስቴንለስ የላችሁም?"

ማንኪያው ከጎኔ የተሰቀለውን አወረደ። ደርበው ነበር። ግንባሩ ያብረቀርቃል።

"ይሄ የመጨረሻው ነው እማማ። ምንም አይነካውም። ቢሰድቡት አይይዝበትም፣ ዘመድ ቢሞትበት ፊቱ ላይ አይታይም። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አሁን እሱን ነው የሚወስደው።"

"ኧረ እኔ አለቅሳለሁ" አለ ደርበው።

"ዝም በል፤ ገዢ ታባርራለህ" አለው ማንኪያው።

አሮጊቷ ሁለታችንንም በየብብቷ ሥር ሸጎጠችን። "ሞክሬ አንዱን እወስዳለሁ። ሌላው ይቀልጣል" አለች። ፎርማን አጥናፉ ሲያብራራ ያመሸበትን እሷ ባንድ አፍ ጨረሰችው፤ በዚህ አመሰገንኳት።

ከመደብሩ ስንወጣ አዳራሹ ውስጥ ገባን። ሕንጻው በጣሪያው ቆሟል። መሐንዲሶቹ ክራቫታቸውን ወደ ጀርባቸው ወርውረው አሸዋ በባሬላ ተሸክመው ይሮጣሉ። የቀን ሠራተኞቹ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ፕላን ይዘረጋሉ፣ ይዘቀዝቁታል፣ "ይሄ ነገር አላማረኝም፤ አፍርሱት" ይላሉ። ሲሚንቶው ሰው ያቦካል። አማካሪው እንሽላሊት ነበር፤ ነጭ ሄልሜት አድርጎ ጣሪያው ላይ ይመላለሳል፣ ሥራውን እየተቆጣጠረ አልፎ አልፎ ዝንብ ይበላል። መጀመሪያ ቅሬታ ያቀረበው የመድረኩ ግድግዳ ነው።

"እነዚህን ሰዎች እዩልኝ፤ ወጣ ገባ ናቸው" አለ ግድግዳው። "እንዲህ ያሉ ሰዎች ፊቴ ቢቆሙ ለሙሽሮች ምን እላለሁ?"

"መብራት በጎን አብሩባቸው" አለ እንሽላሊቱ።

በጎን መብራት ጉድ አይደበቅም። ግድግዳ ስንፈትሽ የምናደርገው ነው፤ ያለችው ጉድፍ ሁሉ ጥላ ታወጣለች። አሁን ተራው የኛ ሆነና የፊታችን መስመር ሁሉ ፈጦ ወጣ። አሮጊቷ ስቱኮ አነሳች።

"ይሄ የግንባርህ ስንጥቅ ከምን መጣ?"

"እናቴ ስትሞት ነው" አልኳት።

"ይደፈን።" ደፈነችው። "ይሄስ፣ ዓይንህ ጥግ?"

"ስስቅ የሚወጣ ነው።"

"እሱም ይደፈን።"

ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አሹን። ደርበው "ኮርኩሮኝ ነው" እያለ ይስቃል፤ እሱ በሳቀ ቁጥር ስቱኮው ይረግፍና እንደገና ይቀቡታል። ለኔ ግን ደረቀልኝ። መልኬ ምንም የማይነበብበት ለጥ ያለ ነገር ሆነ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መጥተው "አሁን ገና ሰው መሰልክ" አሉኝ፤ ደስ አለኝ ስል ደግሞ ደስታው የሚወጣበት መስመር አጣሁ።

"በሉ፣ ባልዲ ውስጥ ይደሩና የዛገው ይታወቃል" አለ እንሽላሊቱ።

ያ የራሳችን ባልዲ ነው፤ እጀታው በሽቦ የታሰረው። ጉልበታችንን አቅፈን ተቀመጥን፤ ውሃው አገጫችን ድረስ መጣ። እኔ ወዲያው ክርኔን መብላት ጀመረኝ። አየሁት፤ ቡኒ ነገር እየወጣ ነው። በእጄ ሸፈንኩት፣ በእጄም ላይ ወጣ።

"ደርበው፣ ጀመረኝ" አልኩት በሹክሹክታ።

"አይዞህ፣ ስንወጣ በሸሚዜ አደርቅሃለሁ።"

"እስከዚያ ያልቅልኛል!"

"አንተ ደግሞ ሁሌም ችኩል ነህ። ውሃው እኮ ደስ ይላል፤ ባሕር ዳር የሄድን አይመስልህም?"

እንዲህ ነው ደርበው። ሊያቀልጡት ባልዲ ውስጥ አስቀምጠውት ስለ ባሕር ዳር ያወራል። እኔ ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሁለታችን አንዱ ይቀልጣል፣ ያም እኔ መሆን የለብኝም። ስለዚህ ብርድ እንደያዘው ሰው ዘወር ብዬ ከኋላው አቀፍኩት። ክርኔን፣ መዳፌን፣ አንገቴን ጀርባው ላይ አሻሸሁ። ዝገቴ ሁሉ ወደሱ ሄደ። እሱ ግን በርዶኝ መስሎት እጄን ይዞ ያሞቀኝ ነበር።

በሕልም እንደሚሆነው ወዲያው ነጋ። አውጥተው አቆሙን። እንሽላሊቱ ከጣሪያው ተዘቅዝቆ የደርበውን ጀርባ አየ።

"ይሄ ስቴንለስ ነው አላላችሁም?"

"ነኝ እንጂ" አለ ደርበው።

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

ደርበው ጀርባውን ማየት አልቻለም። ወደኔ ዞረ። "ምን አለብኝ? እስቲ እይልኝ" አለኝ። ሕዝቡም፣ ግድግዳውም፣ አሮጊቷም ወደኔ ዞሩ።

"ድሮም ነበረበት" አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ሚስማር እንደሚነቅሉ በመዶሻ ጀርባ ከቆመበት ነቀሉትና ወሰዱት። መሐንዲሶቹ ባሬላቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡልኝ። አሮጊቷ "ይሄውላችሁ፣ የማይዝግ ካርቦን አገኘሁ" ብላ እልል አለች። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ከሕልሙ ሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ያ ጭብጨባ ነው።

ሥራ ተጀመረ። አሮጊቷ ሁለት እግሬን እንደ እጀታ ጨበጠች፣ ፊቴን ስቱኮ ውስጥ ነክራ አወጣች፣ ግድግዳው ላይ ደግፋ ወደ ላይ ጎተተችኝ። አፍንጫዬ ተፋቀ። ወደ ታች መለሰችኝ። ግድግዳው "ኧረ ጫን አድርጊው" ይላታል። ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። ከዚያ ግን ፊቴ ባለፈበት ቦታ ሁሉ አንድ ቡኒ ነገር እየወጣ ነበር። ስትደፍነው ይወጣል፣ ስታሸው ይሰፋል። ራቅ አድርጋ ስትይዘኝ ሳየው፣ ቡኒው የሰው ጀርባ ቅርጽ ይዟል።

"እኔ አይደለሁም!" ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ስቱኮ ሞላበት። ግድግዳው መጥራት ጀመረ። ጮክ ብሎ፣ ደጋግሞ ይጠራል።

"ኧረ ስልክህን አንሳ!" አለች ባለቤቴ እታፈራሁ በክርኗ እየጎሸመችኝ።

ነግቷል። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ጥጋቡ? ደርበው ነኝ፣ በጋሽ ሽብሩ ስልክ ነው።" ጋሽ ሽብሩ የሳይታችን ጥበቃ ናቸው። "ማታ ስፓቱላህ ባልዲ ውስጥ እንደቀረ ትዝ ሲለኝ ከመንገድ ተመለስኩ። ጋሽ ሽብሩን ለምኜ ገብቼ አወጣሁልህ። በሸሚዜ አድርቄ ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ አንድም ነገር አልሆነም። ልደውልልህ ብል ካርድ የለኝ።"

ሰው በሕልሙ በሠራው ያፍራል እንዴ? እኔ አፈርኩ። ስፓቱላዬ ቢዝግ ኖሮ ሥራው ላይ የሚቀረው እሱ ነበር።

"ሃሎ፣ አለህ?"

"አለሁ። ተባረክ ወንድሜ። መጣሁ፤ እንግዲህ ግድግዳውን..."

"ግድግዳውን ተወው። የአዳራሹ ባለቤት ማለዳ በአይሱዙ ፕላስቲክ አስመጥቷል። እብነ በረድ የሚመስል፣ በሙጫ የሚለጠፍ። ስቱኮም ስፓቱላም አይፈልግም። አጥናፉ ሁለታችሁም ዕቃችሁን ውሰዱ ብሏል።"

"አጥናፉ ራሱስ?"

"ሙጫ እየቀባ ነው።"

ጋሽ ሽብሩ ከኋላ "ሂሳቡ አለቀ እኮ ልጄ" ሲሉ ይሰማል። ደርበው "ሁለቱንም ባንድ ጨርቅ ጠቅልዬ በሩ ላይ እጠብቅሃለሁ" አለና ተቋረጠ።

"ማነው በጠዋቱ?" አለች እታፈራሁ።

"ደርበው።"

"ምን አለ?"

"ስፓቱላህ አልዛገም አለኝ" አልኳት።