የመስታወቱ ባሕር ኮሚቴ

ነበረ አሉ። ከባሕር እጅግ በራቀ አንድ ደጋ ከተማ፣ በጥርስ ሐኪሙ በዶክተር ይርዳው የተራ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ርዝመቱ አራት ክንድ የሆነ ባሕር ነበረ። ግድግዳው መስታወት፣ ውሃው ጨዋማ፣ ወለሉ ነጭ አሸዋ ነው። በመካከሉ አበባ የሚመስለው የባሕር ፍጡር፣ ኮራል፣ የፈካበት ድንጋይ ቆሟል። ጥርሱን የሚያመው ሰው ሁሉ እሱን እያየ ሕመሙን ለጊዜው ይረሳ ነበር።

በዚህ ባሕር ውስጥ ከሚኖሩት ሁሉ የሚያምረው አያ ብጫ ዓሣ ነው፤ ሰውነቱ ሰፊ፣ ቀለሙ የሚያበራ፣ ድምፁ ወፍራም። አያ ሸርጣን ሁለት ትልልቅ መቆንጠጫዎች ነበሩት፤ የራሱ የሚለው ሐሳብ ግን አልነበረውም። እሜት ቀንድ አውጣ ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ አረንጓዴውን እድፍ ስትልስ ትውላለች። ከኋላ ጥግ ላይ ደግሞ የተንጨባረረ የባሕር አረም አለ፤ እሱ አይናገርም።

ድሮ ዶክተሩ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌውን ውሃ በባልዲ ቀድቶ ያወጣና በጨው የበጠበጠውን አዲስ ውሃ ይጨምር ነበር። ኋላ ግን ይህን ልማድ ተወው። አረሙ የውሃውን ቆሻሻ ከመጠጠ፣ ቀንድ አውጣዋ መስታወቱን ካጸዳች፣ ምግቡም በልክ ከሆነ ባልዲው እንደማያስፈልግ አንብቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚተነውን ያህል ብቻ ንጹሕ ውሃ ይጨምራል፤ ለኮራሉም የሚያሻውን ማዕድን ጠብ ያደርግለታል። እንግዳ ተቀባይዋን ወይዘሪት ፋንቱንም ዓሦቹን በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ብቻ እንድትመግብ አዘዛት።

ለዓሦቹ ግን ማንም የነገራቸው የለም። ሁለት ቅዳሜ ያለ ባልዲ ሲያልፍ ባሕሩ ተሸበረ። ሁሉም ከድንጋዩ ሥር ለስብሰባ ተቀመጡ። አንዱ ዶክተሩ ረስቶናል አለ፤ ሌላው ተቀይሞናል አለ። አንዲት ትንሽ ዓሣ ባልዲው ራሱ ጥርሱን ታሞ ይሆናል ስትል አሳሰበች፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ተያዘላት። በመጨረሻም የውሃ ጥራት ኮሚቴ ተቋቋመ። አያ ብጫ ከሩቅ ስለሚታይ ብቻ በሙሉ ድምፅ ሊቀመንበር ሆነ።

ኮሚቴው ጠዋትና ከሰዓት ይሰበሰብ ጀመር። ስብሰባ ያስርባል፤ ስለዚህ ከየስብሰባው በኋላ አባላቱ መስታወቱ ጋ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። ወይዘሪት ፋንቱ አንጀቷ አይችልም፤ ምስኪኖች እያለች በጭብጥ ትበትንላቸዋለች። የተረፈው አሸዋው ላይ ወርዶ ይበሰብሳል። ያም ሆኖ አረሙ እየመጠጠ፣ ቀንድ አውጣዋም እየላሰች ውሃው እንደጠራ ቆየ። አያ ብጫ ውሃው የጠራው በስብሰባው ብርታት መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት አሰማ፤ አባላቱም በክንፋቸው አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ወደ ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ዞረ። አረሙ ሐሳብ አይሰጥም፣ እጅ አያወጣም፣ መልኩም ያስቀይማል ተባለ። ቀንድ አውጣዋ ስትጠራ ይቺን ጥግ ልጨርስና እመጣለሁ ማለቷ እንደ ንቀት ተቆጠረባት። አረሙ እንዲታጨድ፣ እሷም ከድንጋዩ ሥር ባለው ጉድጓድ ተዘግቶባት እንድትታረም ተወሰነ። አያ ሸርጣን ሁለቱንም በአንድ ጠዋት ፈጸመ። ወደ ላይ የተንሳፈፈውን አረም ወይዘሪት ፋንቱ ቆሻሻ መስሏት በወንፊት ገፍፋ ጣለችው።

ሳምንት ሳይሞላ ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ። ኮራሉ ተኮማተረ። አያ ብጫ በጭጋጉ ውስጥ አባላቱ መስለውት ለውሃ መግፊያው ፓምፕ አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር አደረገ፤ ፓምፑ እም እም ሲል ድጋፍ አገኘሁ ብሎ ደስ አለው። ትንሿ ዓሣ ግን በጎኗ ተኝታ በጭንቅ ትተነፍስ ነበር።

ዶክተሩ መጥቶ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። ምግቡ በልክ እንደሆነ ሲጠይቅ ወይዘሪት ፋንቱ የምግቡን ቆርቆሮ ከጀርባዋ ደብቃ አዎን አለችው።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠራ» አላት፣ «ሁሉንም ላነሣውና እዚህ ቦታ ቴሌቪዥን ላስቀምጥ ነው።»

አያ ሸርጣን ይህን ሰማ። ትንሿንም ዓሣ አያት። ያን ቀን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ሐሳብ መጣለት፤ ሄዶ የጉድጓዱን ድንጋይ ገፋና የሆነውን ሁሉ ለቀንድ አውጣዋ ነገራት። እሷም አልወቀሰችውም፤ ከአረሙ የተረፈ ነገር እንዳለ ብቻ ጠየቀችው። ከፓምፑ ኋላ ጣት የምታህል ቅንጣቢ ተሰክታ አገኙና አሸዋው ውስጥ ተከሏት።

ከዚያ ቀንድ አውጣዋ አንድ ነገር አዘዘች፤ ማንም ወይዘሪት ፋንቱ ፊት አፉን እንዳይከፍት። አያ ብጫ ይህ የአባላትን መብት የሚነካ ነው ብሎ ተቃወመ። አያ ሸርጣንም ለሁለተኛ ጊዜ ሐሳብ መጣለት፤ መቆንጠጫዎቹን አንሥቶ መስታወቱ ሥር ዘብ ቆመ። በማግስቱ የሊቀመንበሩ ጅራት ጫፉ ጎድሎ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ሰልፍ የወጣ አልነበረም። ወይዘሪት ፋንቱም የሚለምናት ስታጣ ወደ ሁለት ጣቷ ተመለሰች።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። አረሟ አደገች፤ ጭጋጉ ከላይ እስከ ታች ለቀቀ፤ ኮራሉ ፈካ። ትንሿ ዓሣ ቀና ብላ ዋኘች። ዶክተሩም የቴሌቪዥኑን ነገር ዳግም አላነሣውም።

በዚያው ቀን አያ ብጫ ታላቅ የድል ስብሰባ ጠራ። ወደ ቀንድ አውጣዋም ወጣና ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ውሃው የጠራው በኮሚቴው አመራር መሆኑን በአባላቱ ፊት ቀርባ ሁለት ቃል እንድትመሰክር በትሕትና ለመናት።

እሜት ቀንድ አውጣ ከመስታወቱ ዞር ሳትል መለሰችለት።

«ንግግሩን አንተው አድርገው፤ የእኔ አፍ ሥራ ይዟል።»