የፉሪው ስንጥቅ አለት

ጥቂት ከተማረ ሰው ጋር ሽርሽር አትውጡ። እናንተ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ንጹሕ አየር ልትቀበሉ ስትሄዱ፣ እሱ ዕውቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ ፍለጋ ይሄዳል። ዛፍ ካየ ዝርያውን፣ ድንጋይ ካየ ዕድሜውን ሳይነግራችሁ ውሃ እንኳ አያስጠጣችሁም። በምን አወቅህ ትሉኝ እንደሆነ፣ ሰውየው እኔ ነኝ። ያኔ መካኒሳ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር።

ፉሪ ገና ቤት ሳይሞላው፣ ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ፣ አንድ እሁድ አዲሷን ሚስቴን ሰናይትንና ወላጆቿን፣ ጋሽ ወልዴንና እትዬ በላይነሽን፣ ከተራራው ግርጌ ያለውን ስንጥቅ አለት ላሳይ ይዣቸው ወጣሁ። ከታክሲ ወርደን የቀረውን በእግራችን ስንጨርስ፣ እኔ እሳተ ገሞራውን አፈንድቼ፣ ቅልጥ አለቱን አቀዝቅዤ፣ አለቱን በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሰንጥቄ ጨርሻለሁ።

አለቱ ጥላ ሥር አረፍ ያሉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው። ድሮ አንድ ባል ሚስቱን ወስልተሻል ብሎ እዚህ አምጥቶ አስማላት። ስትምል አለቱ ተሰንጥቆ አሳለፋት፤ ባልየው ልከተል ሲል ግን ያዘው።

"እስከ ዛሬም በትዳሩ የወሰለተ አያልፍበትም" አሉ፣ ረጋ ብለው።

ዝም ብል ምን ነበረበት?

"ይሄ ተረት ነው! አለት ምን ያውቃል? እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይለፉና ያሳዩዋቸው!" አልኩ።

እትዬ በላይነሽ አማቻቸውን ሰው ፊት ማሳፈር አይሆንላቸውም። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ፊትም የለ፣ ወደ ኋላም የለ።

ደልዳላ ሴት መሆናቸውን ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። በዚያች ሰዓት ግን ስለ ውፍረት ያሰበ ሰው አልነበረም። ገበሬው አቀረቀሩ። የሰናይት ፊት ቀላ። ጋሽ ወልዴ ሚስታቸውን ትተው መሬት መሬት ያያሉ። የአንዲትን እናት የሠላሳ ዓመት ትዳር፣ ክብሯንም ጭምር፣ በገዛ ምላሴ አለት ውስጥ ቀረቀርኩት። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። ስንጥቅ ውስጥ ገብቼ መሰወር አማረኝ፣ ያለው አንድ ስንጥቅ ደግሞ ተይዟል።

እትዬ ትንፋሻቸውን አስወጥተው፣ ሰናይት እጃቸውን ስባ፣ እንደምንም ወደ ኋላ ወጡ።

"አይዞዎት፣ ውፍረት ነው እንጂ..." ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

"እሱንማ አውቃለሁ" አሉ አቧራቸውን እያራገፉ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ። "ወልዴ፣ አንተ ቀጭን ነህ። እስቲ እለፍና አሳየን።"

ጋሽ ወልዴ፣ ካፖርታቸውን እንደደረቡ ሊያልፉ የሚችሉት ሰው፣ ጉልበታቸውን ያዙ። "ጉልበቴን ያመኛል" አሉ። መንገዱን ሁሉ ከፊት ከፊት ሲመሩን የመጡት እሳቸው ነበሩ።

እትዬ በላይነሽ ትኩር ብለው አዩዋቸው። ቀጥለው እኔን አዩኝ፤ ሰናይትም አብራ ዞረች።

"አንተስ፣ አስተማሪው? የኔስ ውፍረቴ ነው።"

ስንጥቁን አየሁት። ስፋቱ ይበቃኛል። ስለ ቅልጥ አለቱም፣ ስለ መቀዝቀዙም፣ ስለ ሚሊዮኑ ዓመትም የማላውቀው የለም። እንዲህ አትዩኝ፤ ንጹሕ ሰውም ይፈራል።

"ታክሲ ሳይጠፋ ብንመለስ አይሻልም?" አልኩ።

ገና ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር።