ሃምሳ ዘጠኝ ላይ የቆመችው ዲምፕና

በየከተማው ዕድሜዋን የምትደብቅ ሴት አትጠፋም። የእኛዋ ክብርት ዲምፕና ጋሪሂ ግን ዕድሜዋን አልደበቀችም፤ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ አቁማ ሞተሩን አጠፋችው።

አዛውንት በነፃ በሚሳፈርበት አገር፣ ወደ ጎልዌይ በሄደች ቁጥር አውቶቡሱ በሙሉ እንዲሰማ «ሙሉ ሒሳብ!» ብላ ትከፍላለች። ጠዋት ሬዲዮው የሟቾችን ስም ሲያነብ ደግሞ «ውይ! እሷ እኮ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው የተማረችው» ትላለች። ዲምፕና ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አንድ ወንበር ላይ ስለተማርን አውቃለሁ። አፌን የያዝኩት ግን ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም፤ እሷ ሃምሳ ዘጠኝ ከሆነች እኔም ሃምሳ ዘጠኝ ነኛ!

ከሁሉ የሚያስቀው ጎረቤቷን ፌስቲን «አባባ» ማለቷ ነው። «አባባ ፌስቲ፣ ሹራብ ይደርቡ እንጂ!» ትለዋለች። የሚበልጣት በሦስት ዓመት ነው።

ዘንድሮ የፌስቲ ጣሪያ አልጋው ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ባልዲ አጠገቡ አድርጎ እንደሚተኛ ስትሰማ ዲምፕና አበደች። ሰውዬው ባንክ ውስጥ ጥሪት አለው፤ ከወለዱ ላይ ግን በየዓመቱ ግብር ይቆረጥበታል። የግብሩ ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር «ቆሻሻ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ እኛ ሰፈር ሰው «ባንኩ ቆሻሻ ወሰደብኝ» ቢልዎት አይደንግጡ። ስልሳ አምስት ያለፈውና ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው ግን ማስቀረት ይችላል፤ ያለፉትን አራት ዓመታት ተቆራጭም ያስመልሳል፤ ለጣሪያው ይበቃል። ዓመቱ ከዞረ ግን ከአራቱ የመጀመሪያው ይቃጠላል። የገና በዓል ደግሞ ደርሷል፤ ከሱ ቀጥሎ አዲስ ዓመት ነው። ዲምፕና ራሷ ይህን ሁሉ እያወቀች፣ ዕድሜዋን ላለመናገር ስትል ስታስቆርጥ ኖራለች።

አርብ ዕለት ፌስቲን በእጅጌው ጎትታ ባንክ አስገባችው። ሰልፉ እስከ በር ደርሷል። እኔም ከኋላ ቆሜያለሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቅጹን ስትዘረጋለት ፌስቲ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይቅርብኝ። የሽማግሌ ምጽዋት አልለምንም። እስቲ ከዚህ ሁሉ ሰው ማን ጠየቀ?»

ኮፍያውን አድርጎ ወደ በሩ ዞረ። ያንን ባልዲ ታቅፎ ሊከርም ነው አልኩ በልቤ።

«እኔ እጠይቃለሁ!» አለች ዲምፕና። «ለእኔም ቅጽ ስጪኝ፣ የኔ ልጅ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው!»

ከሰልፈኛው መሀል አንዱ ሳሉን ዋጠው።

«ሰባ አንድ?» አለ ፌስቲ ተመልሶ። «ታዲያ አባባ የምትይኝ ምን ሆነሽ ነው?»

«ዝም በልና ፈርም፣ አንተ ፌስቲ!»

ፌስቲ እየሳቀ ፈረመ። በዚህ ያበቃ መስሎኝ በእፎይታ ስተነፍስ ዲምፕና ዞር ብላ በጣቷ ጠቆመችኝ። «ኤትና፣ ምን ትደበቂያለሽ? ነይ እንጂ! ይህቺ ደግሞ በሁለት ወር ትበልጠኛለች።»

ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልክዳት እችል ነበር፤ ስክድ የኖርኩት ነገር ነው። ግን እወዳታለሁ፣ ብቻዋን እንድትሸመግል ልተዋት አልቻልኩም። ሰልፉን ጥሼ ከጎኗ ቆምኩና እጄን ለቅጹ ዘረጋሁ።